«ልጄ አጥንት እየሣለ አስቸገረን» ላሉት አባት

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የአንባቢያን ገጽ ላይ አንድ አባት የጻፉትን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ ዝም ማለት አቃተኝ። ጋዜጣው የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። እኛ ሰፈር አንዱን ጋዜጣ አራት ቤት ነው የሚያነበው፤ የኔ ተራ ሲደርስ የቡና ስኒ ክብ አርፎበት ነበር።

ለማያስታውሱ አንባቢዎች ልድገመው። የሰውየው ልጅ 14 ዓመቱ ነው፤ ሥዕል ይወዳል። እስከ ዓምና አንበሳና ኳስ ተጫዋች ይሥል የነበረ ልጅ ዘንድሮ የሒሳብ ደብተሩን ከኋላ ጀምሮ የራስ ቅል፣ የጎድን አጥንትና የጣት አጥንት ሞላበት። እናቱ ደብተሩን ገልጠው ሲያዩ ደንግጠው «ጠበል ይሂድ» አሉ። አባትየው «እስቲ መጀመሪያ ጋዜጣ ልጠይቅ» ብለው ጻፉ። ይህ የጤና ነው ወይ? ሥዕልስ እግዜር የሚሰጠው ተሰጥኦ ከሆነ አጥንት መቁጠር ምን ያደርግለታል? ጥያቄያቸው ይኸው ነው።

ጠበሉን አልቃወምም፤ እኔም እሄዳለሁ። ደብተሩን ግን እባክዎ አይቅደዱበት።

እኔ የመጽሐፍ ሰዓሊ ነኝ። ሰዓሊ ነኝ ስል ሰው ሸራና ኤግዚቢሽን ይመስለዋል፤ የኔ እንጀራ ሌላ ነው። የልጆች ንባብ መጽሐፍ፣ የጤና ፖስተር፣ የግብርና ማኑዋል፣ ሲጠፋ ደግሞ የሠርግ ጥሪ ካርድ። ሥዕሌ የጽሑፍ አገልጋይ ነው። ጽሑፉ «አልማዝ ውኃ ቀዳች» ካለ አልማዝ ስትቀዳ መታየት አለባት። አጎነባበሷ ካላሳመነ፣ ፊደል የቆጠረው ልጅ «አልማዝን ምን ነካት?» ብሎ ንባቡን ትቶ እዚያው ይቀራል።

ሥራውን ስጀምር አጥንት የሚባል ነገር ትዝም አይለኝም ነበር። እንደ ልጅዎ «ተሰጥኦ አላት» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እንግዳ ቤት ሲመጣ «ነይ እስቲ ፊታቸውን ሣይላቸው» እባላለሁ፤ እሥላለሁ፤ ይሳቃል፤ ሳንቲም ይሰጠኛል። ይህ ተሰጥኦ እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ አገለገለኝ።

በዚያ ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ስለ እጅ መታጠብ የሚያስተምር ፖስተር አዘዘኝ። አንዲት እናት ከተንጠለጠለ ጀሪካን በሚወርድ ውኃ እጇን ስትታጠብ፣ ሁለቱ እጆች ጀርባቸው ወደ እኛ ሆኖ ጎልተው የሚታዩበት። ቸኩዬ ነበር። አንዱን እጅ አሳምሬ ሣልኩና ሁለተኛውን በካርቦን ቀድቼ ከጎኑ አስቀመጥኩት። ታተመ፤ ሒሳቤን ተቀበልኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ እህቴ ልጇን ልታስከትብ ጣና ዳር ወዳለ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ስትሄድ አጅቤያት ሄድኩ። ፖስተሬ በሩ ላይ ተለጥፏል። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ አግዳሚው ላይ ለተደረደሩት እናቶች «ይህችን ሴትዮ የሣልኳት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ዓይኗን ጠበብ አድርጋ ብዙ ካየች በኋላ፣

«እህቴ፣ ምነው ታዲያ ሁለቱንም ግራ እጅ ሰጠሻት?» አለችኝ።

አግዳሚው ሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጆሮዬ ግን እንደ እሳት ነደደ። እውነቷን ነው። የሁለቱም እጅ አውራ ጣት ወደ አንድ ወገን ነበር የዞረው። ፖስተሩ የተሠራው ፊደል ላልቆጠረ ሰው ነበር፤ የሳሙናውን ነገር ያነሳ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አሁን ይህን የሚያነብ ሰው ቤቱ ይሞክረው። ቀኝ እጅዎን ወረቀት ላይ አሳርፈው ዙሪያውን በእርሳስ ይክበቡት። እጅዎን ያንሱና መስመሩን ብቻ ላላየ ሰው ያሳዩ። የቀኝ እጅ ጀርባ ነው ወይስ የግራ እጅ መዳፍ? ማንም አያውቅም፤ ሁለቱም ዙሪያቸው አንድ ነው። ጥፍር ሲያደርጉበት ቀኝ ይሆናል፤ የመዳፍ መስመር ሲያደርጉበት ግራ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ስሥል የኖርኩት ዙሪያውን ነበር። ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቄ አላውቅም።

አጥንት መጀመሪያ ያስተማረችኝ እናቴ ናት፤ እሷ ግን ያስተማረችኝ የመሰላት ዶሮ መበለት ነው። የዚያኑ ዓመት የፋሲካ ዋዜማ ዶሮዋን ይዤ ከአጥንቷ ጋር ስታገል ከኋላዬ መጣችና «አንቺ ልጅ፣ እንጨት ነው እንዴ የምትፈልጪው!» አለች። ጣቷን ከታፋው ሥር ሰዳ የዶሮዋን እግር ወዲያ ወዲህ አወዛወዘች። የሚላወስበትን ቦታ አገኘችና የቢላዋውን ጫፍ ብቻ አስነካችው። ተለቀቀ። «ዶሮ የሚበለተው በጣት ነው፤ ቢላዋ ኋላ ነው የሚመጣ። ቢላዋሽ ድምፅ ካሰማ ቦታውን ስተሻል።» 12ቱም ብልት እንደዚያ ነው የሚወጣው፤ መላላጫውም ክንፉም ሁሉም በመገጣጠሚያው። «ሙያ የላትም» እንዳትባል 12 ብልት አሳምራ የምታወጣ ሴት ሁሉ፣ ማንም ሳይነግራት አናቶሚ (የአካልን አሠራር) የምታውቅ ሴት ናት።

እጄን ታጥቤ ክንፏን ሣልኩ። ከላይኛው ክፍል አንድ አጥንት አለ፤ ከመገጣጠሚያው በታች ሁለት ቀጫጭን አጥንት ጎን ለጎን። ስንግጥ የምናውቃቸው ናቸው። የኛም ክንድ እንደዚያው ነው፦ ከትከሻ እስከ ክርን አንድ፣ ከክርን እስከ አንጓ ሁለት።

ይህችን «ሁለት» የምትል ቁጥር ባላውቃት ኖሮ ዛሬም ቡና ስትቀዳ የምትታይ ሴት መሣል አልችልም ነበር። እናቴን ከጀበና ስትቀዳ ስንቴ ሥያታለሁ! ሁልጊዜ እጇ ከአንጓው ላይ የተሰበረ ቧንቧ ይመስላል። ጀበናው ሲያዘነብል የሚዞረው አንጓዋ ይመስለኝ ነበር። አንጓ ግን እንደዚያ አይዞርም። የሚዞረው ከሁለቱ አጥንቶች አንዱ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው ነው። መዳፍ ወደ ላይ ሲሆን ከጓደኛው ጎን ቀጥ ብሎ ይተኛል፤ መዳፍ ወደ ታች ሲገለበጥ በጓደኛው ላይ ተሻግሮ ይተኛል። ጓደኛው፣ በትንሿ ጣት በኩል ያለው፣ ከክርን ጋር እንደ በር ማጠፊያ ተያይዞ ስለሚኖር መታጠፍና መዘርጋት እንጂ መዞር አያውቅም። ግራ እጅዎን ከቀኝ ክርንዎ ዝቅ አድርገው ያዙና ቀኝ መዳፍዎን ይገልብጡ። ሥጋው ከእጅዎ ሥር ሲጠመዘዝ ይሰማዎታል፤ የክርንዎ ጫፍ ግን ንቅንቅ አይልም። የእናቴን ክንድ ከክርኑ ጀምሬ ማጠማዘዝ ከለመድኩ ወዲህ ጀበናው በራሱ ጊዜ አዘነበለ። «አሁን ቡና ቀዳሁ» አለች፤ ሥዕል አይታ አስተያየት ስትሰጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከዶሮ ወደ በግ ተሻገርኩ። በግ የኋላ ጉልበቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍ አይመስልዎትም? ለኔ ይመስለኝ ነበር። ያ ጉልበቱ ሳይሆን ተረከዙ ነው። በግ በጣቱ ጫፍ ነው የሚሄደው፤ ጉልበቱ ወደ ላይ ሆዱ አጠገብ ነው ያለው፣ እንደኛው ወደ ፊት ይታጠፋል። ይህን ያየሁ ቀን ጎረቤት ቅርጫ ሲካፈል የበሬውን እግር ይዤ ደጋግሜ ሳጥፍና ስዘረጋ «ሴትዮዋ ዕጣዋን ልታጣ ነው» ብለው አሾፉብኝ።

ቅርጫው ግን አንድ ነገር ደበቀኝ። ከጉሮሮ ሥር ተነስቶ ወደ ትከሻ ጫፍ የሚዘረጋው ቀጭን አጥንት በግም በሬም የላቸውም። የፊት እግራቸው ከደረታቸው ጋር የተያዘው በሥጋና በጅማት ነው። ዶሮ አላት፤ ደረቷ ላይ የምትገኘው እንደ ባላ የተሰነጠቀችው አጥንት እሷው ናት። የሰውን ግን ከሰው ላይ ነው መማር ያለብን፤ ለዚህ ደግሞ የኛን አገር የሚያህል የለም፣ እስክስታ አለና። ጣትዎን ከጉሮሮዎ ሥር ካለችው ጎድጓዳ ግራና ቀኝ አድርገው ትከሻዎን ይምቱ። አጥንቱ ከጣትዎ ሥር ሲዘል ይሰማዎታል። ክንዳችንን፣ ትከሻችንንና ከጀርባ ያለውን ሰፊ የትከሻ አጥንት ከደረታችን ጋር በአጥንት የሚያገናኘን ቦታ እሱ ብቻ ነው። ጀርባ ያለው አጥንት ከጎድን ጋር አልተጣበቀም፤ በሥጋ መሐል ይንሸራተታል። ትከሻ እንደዚያ የሚርገፈገፈው ለዚህ ነው። እስክስታ ወራጅ የሚሥሉ ልጆች ክንዱን ብቻ ያነሱና ትከሻውን እንደ ቁም ሣጥን ይተዉታል፤ ሰውየው የሚጨፍር ሳይሆን የተማረከ ይመስላል።

በሰውና በከብት መሐል መምታታት ደግሞ የኔ ብቻ አይደለም። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በስተርጅናው ከ30 በላይ አስከሬን መክፈቱን የተናገረ ሰው ነው። በማሕፀን ውስጥ ያለ ጽንስ የሣለበት ዝነኛ ገጽ አለው። ጽንሱ የሰው ነው፤ በማሕፀኑ ዙሪያ ያለው የእንግዴ ልጅ አሠራር ግን የላም ነው። የላም ማሕፀን ከፍቶ ያየውን ወደ ሰው አሻገረው። እሱ ከተሳሳተ እኔ በቅርጫ ብሳሳት ምን ይገርማል ብዬ ተጽናንቻለሁ። ሥዕሎቹ እ.ኤ.አ. በ1519 ሲሞት ሳይታተሙ ቀሩ፤ ለሐኪምም ለሰዓሊም ዓይን የከፈተው ትልቁ የታተመ መጽሐፍ የሐኪሙ የቬሳሊየስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1543 ባዝል ከተማ የወጣው። እዚያ መጽሐፍ ላይ አፅሞቹ አልተጋደሙም፤ ቆመው፣ ክንዳቸውን ተደግፈው፣ አንዱ እንደውም የራስ ቅል ላይ እጁን አሳርፎ እያሰላሰለ ነው። ለባለቤትዎ ይህን ይንገሩልኝ። አፅም መሣል ሞት መጥራት አይደለም፤ የሚቆምን ሰው ለማቆም ነው።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ግቢያችን አንድ የሕክምና ተማሪ ተከራየ። መስኮቱ ላይ ከፕላስቲክ የተሠራ የእጅ አጥንት ሰቅሎ ነበር። እናቴ በዚያ ባለፈች ቁጥር ታማትባለች (እናት ሁሉ አንድ ነው)። እኔ ግን ውል ገባሁ፦ ለጥናቱ የሚያስፈልገውን ሥዕል ሁሉ ልሠራለት፣ እሱ ማታ ማታ አጥንቱን ሊያውሰኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ ያንን እጅ ሣልኩ። 27 አጥንት አለው። ስምንቱ አንጓ ላይ እንደ ጠጠር የተቃቀፉ ትንንሽ ናቸው፤ ስሥላቸው ስሥላቸው አንዱን ሁልጊዜ እረሳለሁ። ተማሪው ከመጽሐፉ ያነበበልኝና ጨርሶ ያላመንኩት ነገር ቢኖር ጣቶቻችን ውስጥ ጣት የሚያጥፍ ጡንቻ የለም ያለው ነው። ሥጋው መዳፍና ክንድ ላይ ነው ያለው፤ ጣት ላይ የሚደርሰው ጅማቱ ብቻ ነው። አላመንኩትም። በዚያው ምሳ ሰዓት እህቴ ጉርሻ ጠቅልላ ስትዘረጋልኝ ፊቷን ትቼ ክንዷን አየሁ። እንጀራውን ስታጠብቅ ከክርኗ ዝቅ ብሎ ያለው ሥጋ ቆዳው ሥር እንደ አይጥ ይሯሯጣል። ጉርሻው ወጡን እላዬ ላይ እስኪያንጠባጥብ ድረስ አፌን አልከፈትኩም።

«እኛ አገር ሰው ጋቢ ለብሶ ነው የሚሣለው፤ ከሥሩ ያለው ምን ያደርጋል?» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች አሉኝ። ከሁሉ የማልስማማው ከዚህ ጋር ነው። ራቁት ሰውን ሰዓሊ ቢሳሳትበት ሥጋው ይሸፍንለታል፤ ጋቢ ግን ያጋልጣል። ጋቢ በራሱ ቅርጽ የለውም። ቅርጽ የሚሰጠው የሚንጠለጠልበት አጥንት ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚገቡትን ገበሬዎች ይመልከቱ። ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለቱን ክንዱን ከላዩ አንጠልጥሎ የቆመ ጎልማሳ አለ። ክብደቱን ቀኝ እግሩ ላይ ጥሏል። የቀኝ ዳሌው ከፍ ብሏል፤ ግራ ጉልበቱ ላላ ብሎ ወደ ፊት ወጥቷል፤ ትከሻው ደግሞ ሚዛን ለመጠበቅ በተቃራኒው፣ በቀኝ በኩል ዝቅ ብሏል። ጋቢው ይህን ሁሉ ይናገራል። ከግራ ትከሻ ጫፍ የተነሳ እጥፋት ተሻግሮ ወደ ቀኝ ዳሌ ይጎተታል፤ ግራ ጉልበት ላይ ሲደርስ ይወጠርና ከጉልበቱ በታች በራሱ ክብደት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ዳሌውን የማያውቅ ሰው እጥፋቱን እንደ ዝናብ ከላይ እስከ ታች ያሰምራል። ጋቢው ያኔ ችካል ላይ የተሰጣ ጋቢ ይሆናል። ገበሬው የለም።

እግሩም አይረሳ። ኮንጎ ጫማ ሲያደርጉ ቁርጭምጭሚት ይታያል። የውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ከውጭኛው ከፍ ይላል። ይህች የግማሽ ጣት ልዩነት ቀላል ትመስላለች፤ እኩል አድርገው ከሣሏት ግን ሰውየው ምንጊዜም መሬት አይረግጥም።

ልጆችን መሣል ሌላ ጣጣ ነው። የድሮ የንባብ መጽሐፎቼን አውጥቼ ሳይ የማፍረው በነሱ ነው፤ አንደኛ ክፍል ያሉት ልጆች ሁሉ አጫጭር ሽማግሌዎች ናቸው። አዋቂ ሰው በገዛ ጭንቅላቱ ቁመት ሲለካ ሰባት ተኩል ራስ ያህል ይሆናል። አዲስ የተወለደ ሕፃን አራት ራስ ያህል ነው። ልጅ እንግዲህ ያነሰ አዋቂ አይደለም።

ጣና ዳር ለምን እንደምውል የሚጠይቁኝ አሉ። ባሕር ዳር ልብሱን አውልቆ በክፍያ የሚቆምልን ሞዴል የለም፤ ብናገኝም ሰፈሩ አያስቆመንም። ታንኳ ቀዛፊው ግን አለ። ደንገል በደንገል ላይ አስሮ በሠራት ታንኳው ተቀምጦ ቀርከሃውን በግራ በቀኝ ሲቀዝፍ ጀርባው ሙሉ መጽሐፍ ነው፤ የትከሻ አጥንቱ ሲንሸራተት ከዳር ሆኖ ይታያል። እንቦጭ ሊነቅሉ ውኃ ውስጥ የገቡትንም ለብዙ ቀን ሥያቸዋለሁ። መጀመሪያ ሰዎቼ ሁሉ ወገባቸው ላይ እንደ ቀስት ይለመጡ ነበር። አንዱ ሠራተኛ ስኬቹን አይቶ «እኔ እንዲህ ብጎብጥ ማታ አልነሳም» አለኝ። ጎንበስ ሲል የሚታጠፈው በይበልጥ ጭንና ዳሌ የሚገናኙበት ቦታ ነው፤ የጎድን አጥንት የተያያዘበት የጀርባ ክፍል ብዙ አይታጠፍም። የሥራ ሰው ይህን በጀርባው ያውቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ሰው ስለሚያነሳው። «የዘጌ ገዳማት ሰዓሊዎች አጥንት ተምረው ነው እንዴ?» ይባላል። አልተማሩም፤ አላስፈለጋቸውም። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ አላየሁትም፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ደጋግሜ በጀልባ ተሻግሬ የመቅደሱን ግድግዳ አይቻለሁ። ጻድቁ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉው በጎኑ ተሥሎ በአንድ ዓይን ያያል። ይህ አለማወቅ አይደለም፤ ቋንቋ ነው። የክንዱ ርዝመት ተለክቶ አይደለም፤ ያቀፈው ነገር ምን ያህል እንደሚከብር ነው የሚለካው። ያም ሆኖ ናርጋ ሥላሴ ሄዶ እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ የተሣለችበትን ያየ ሰው፣ በዚያ ዘመን የፊትና የልብስ ጥላ በሥዕላችን እንደገባ ይገባዋል። አባቶቻችንም ዓይናቸውን ከፍተው ነበር የሚሥሉት። እኔ የነሱን ቅኔ አልነካም፤ የኔ ሥራ ልጁ ማረሻ እንዴት እንደሚያዝ ከሥዕሉ እንዲረዳ ማድረግ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ዕርፍ የጨበጠው እጅ መጨበጥ አለበት።

አሁን ቅሬታዬ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ የማስተምራቸውን ሰባት ልጆች ይዤ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ቤተ ሙከራው ውስጥ ሙሉ የፕላስቲክ አፅም እንዳለ ሰምቼ ነበር። አለ፤ በመስታወቱ አየነው፤ ከነላስቲኩ ጥግ ላይ ቆሟል። ቁልፉን የያዙት ሰው «ይህ ለባዮሎጂ ነው የመጣ፤ ለሥዕል አይደለም» ብለው መለሱን። ልጆቹ በመስታወቱ በኩል ለመሣል ሞከሩ፤ ላስቲኩ ያብለጨልጫል፣ ምንም አይታይም። አፅሙ እስከ ዛሬ ከላስቲኩ የወጣ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ያለው የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበባት ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ እዚያ የሚገባ ልጅ ይማራል። ለመግባት የሚበቃ ሥዕል ይዞ መሄድ ያለበት የባሕር ዳር ልጅ ግን ያንን ሥዕል ከየት ይማር? ጋዜጣችሁ የትምህርት ኃላፊዎችን ስታነጋግሩ ይህን ጥያቄ ብትጨምሩልኝ ውለታ ነው። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቁልፍ ቢከፈትልን ይበቃናል። ላስቲኩን እኛ እናጥባለን።

ስልክ ላይ ሥዕል የሚሠራ ፕሮግራም አለ ይሉኛል፤ አይቼዋለሁ። ባለፈው አንድ ደንበኛ ከዚያ ያወጣውን «አስተካክይልኝ» ብሎ ላከልኝ፤ ሴትዮዋ ስድስት ጣት ነበራት። አልሳቅሁባትም፤ ሁለት ግራ እጅ ያላት ሴት የሣልኩ ሰው ነኝ።

ስለ ተሰጥኦው ጥያቄዎ። ልጅዎ ተሰጥኦ ሊኖረው ይችላል፤ አላውቀውም። አንበሳ ይሥል የነበረ ልጅ ማንም ሳያዘው አጥንት መሣል መጀመሩ ግን የሚነግረኝ ነገር አለ፦ አንበሳው አላረካውም። የሆነ ቦታ እግሩ አልቆም ብሎታል፤ ለምን እንደማይቆም ሊፈልግ ገብቷል። የማስጠነቅቀው በአንድ ነገር ነው። አጥንት የቀመሰ ልጅ ቀጥሎ ጡንቻ ይወዳል፤ የሚያውቀውን ጡንቻ ሁሉ ቆዳው ላይ ያወጣዋል፤ ሰውየው ድንች የሞላ ማዳበሪያ ይሆናል። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ድንች ሥያለሁ። መድኃኒቱ ከመጽሐፉ ተነስቶ ሰው ጋ መሄድ ነው። አጥንት ከቆዳ ሥር ብቅ የሚልባቸውን ቦታዎች፣ የጉልበት ሎሚን፣ ክርንን፣ ቁርጭምጭሚትን፣ አንገት ሲደፋ ማጅራት ሥር የምትወጣውን እብጠት፣ ከሰው ላይ ይፈልጋቸው። እርስዎ ማታ ዜና ሲያዩ ዝም ብለው ይቀመጡለት። እጅዎን ይሣል። እናቱም ሽሮ ስታማስል ክንዷን ይሣል፤ ያኔ ደብተሩን የምትፈራው አይመስለኝም።

የራስ ቅል ሲሥል ደግሞ ዓይኑን የት እንዳደረገው ተመልከቱልኝ። አብዛኛው ልጅ ወደ ላይ ይሰቅለዋል፣ ግንባር ያሳጥራል። ዓይን የራስ ቁመት አጋማሽ ላይ ነው፤ ፀጉር ስላለ ነው የማይመስለን። በክር ይለካው።

ቅዳሜ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ሐይቁ ዳር፣ ታንኳዎቹ የሚወጡበት አካባቢ ከልጆቹ ጋር ነኝ። ዝግጅት ክፍሉ ስልኬን ይሰጥዎታል። ክፍያ የለም። ያንን የሒሳብ ደብተር ይዞ ይምጣ፤ ከኋላው ማየት እፈልጋለሁ። እርሳስ ሁለት፣ የተቀረጸ። ላጲሱን ግን ቤት ይተወው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የመጽሐፍ ሰዓሊ
ሽምብጥ፣ ባሕር ዳር
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ተሰጥቷል)